ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈተው ክፍል

ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መናገር ካቆመች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ከዚያ በፊት ጥቂት ቃላት ነበሯት። «አባ» ትል ነበር፤ «ውኃ» ትል ነበር፤ በር ሲንኳኳ ከማናችንም ቀድማ «ማነው» ስትል ጎረቤቱን ሁሉ ታስቅ ነበር። ሁለተኛ ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ሲቀራት ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። መጀመሪያ የጠፋው የትኛው እንደሆነ እኔና እናቷ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። የሰው ልጅ ፊደል ስታስቆጥር ውላ ቤት ስትገባ፣ የራሷ ልጅ ስሟ ሲጠራ ዞር አትልላትም። አንድ ዓመት እንዲህ ከሠራች በኋላ ተወችው። ለሰው የተናገርነው ልጅቷን የሚይዝላት ስለጠፋ ነው ብለን ነው። እውነቱ ግን የእነዚያን ልጆች ድምፅ እየሰማች መዋል አልቻለችም።

አባቴ ቄስ ናቸው። አንኮበር ውስጥ፣ ከጎረቤላ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬድ ደብር ያገለግላሉ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሆናት «አምጧት፣ እኔው ጋ ትጠመቅ» ብለው ላኩብን። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሁለት ሱባዔ ልናስጠምቃት ወረድን።

ልጄ ውኃ ፊቷን ሲነካት አትወድም። ቤት ስናጥባት እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያልን ነው። ጠበሉ ደግሞ ጭጋጉ ሳይነሣ በማለዳ፣ ከዐለቱ ሥር ገና እንደ ወጣ ነው የሚቀዳው። እጇን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ስትጮህ ዙሪያውን የቆሙት «አይዟችሁ፣ ሊለቅ ነው» ይላሉ። እኔም ሊለቅ ነው ብዬ እጇን ይበልጥ አጠብቃለሁ። በስምንተኛው ቀን አልጮኸችም። ሰው ሁሉ «ተሻላት» አለ፤ አንዲት ሴት እልል አለች። እኔ ግን ከንፈሯን አየሁት። ጠቁሯል። ዐይኗ ተከፍቷል፤ የትም አያይም። መጮኽ እንደማይጠቅማት ገብቷት ዝም ማለቷ ነበር።

አባቴም አይተዋል። የያዙትን ማሰሮ መሬት አስቀመጡና ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሏት። ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ተሸክመዋት ከፊቴ ይሄዱ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆሙና «በጠበል አምናለሁ፤ እስክሞትም አምናለሁ» አሉኝ። «ይህች ልጅ ግን የያዛት ነገር ያለ አይመስለኝም። ስትፈጠርም እንዲህ ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ?» አልኳቸው።

«እሱን አላውቅም ልጄ» አሉ። ቄስ አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን ቃላቸውን እስከ ዛሬ አከብራታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁ ነበሩና።

ከዚያ በኋላ የነገሩን ስም የሰማነው አዲስ አበባ፣ ከአንዲት ሐኪም ነው። ልጅቷን ከአንድ ሰዓት በላይ ስታያት ቆየች፤ መሬት ላይ አብራት ቁጭ ብላ ኳስ አንከባለለችላት። ከዚያ «ኦቲዝም ይባላል» አለችን። አእምሮዋ የሚያየውንና የሚሰማውን በሌላ መንገድ እንደሚቀበል፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ በሥልጠና ግን ብዙ ነገር ልትለምድ እንደምትችል ነገረችን። የማንም ጥፋት አይደለም ስትል ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ ጠየቅሁ። እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ ጠቆመችን። ሁለቱም ጋ ተመዘገብን፤ ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን አሉን። በየወሩ መጀመሪያ እኔው እደውል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስልኩን የምታነሣው ልጅ በድምፄ ለየችኝና ሳልጠይቃት «ገና ነው» ትለኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ መደወሉን ተውኩት።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያለን እኛ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር። ይህን ሐሳብ ያፈረሰችው አንዲት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጤና ጣቢያ ወስጃት በባጃጅ ስንመለስ አንድ ከባድ መኪና አጠገባችን ጡሩንባውን ነፋ። ልጄ ጆሮዋን ይዛ እጇን ትነክስ ጀመር። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ፣ ይቺን ልጅ የሚቀጣት የለም ወይ አለ። እኔ ብዙ ጊዜ እንደማደርገው ይቅርታ ልለው ስል፣ አጠገባችን የነበረችው ሴት ቀደመችኝ። ፀጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ ነበረባት።

«ተዋት» አለችው። «ጆሮዋን አሟት ነው። የእኔም ልጅ እንዲሁ ነው።»

ስንወርድ አብራን ወረደች። ቤቷ ሩቅ አልነበረም፤ ኑ ግቡ አለችን። ልጇ ያኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ብቻዋን ነው የምታሳድገው። አገሯ በእነዋሪ በኩል፣ ጅሩ ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣችው ለፋብሪካው ሥራ ነው። የቤቱ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ሰው ደረት ድረስ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በምስማር ተመትቷል፤ ከፋብሪካው የሚወገደውን እየለመነች ያመጣችው ነው። ልጁ ሲከፋው ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ ይመታል። ፈረቃ ስትገባ ምግቡን አስቀምጣ፣ ሬዲዮ ከፍታለት፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ነው የምትሄደው። ይህን ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም። ልጁ ግን መጥቶ ከፊቴ ቆመና የጃኬቴን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርገው ጀመር። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩለት።

ወላጆችን ለመሰብሰብ ያሰብነው ያን ቀን ነው። እሷ በየፈረቃው ለሠራተኞቹ ልትናገር፣ እኔ ደግሞ በዕድራችንና በቀበሌው ልናገር ተስማማን። ለባለቤቴ ስነግራት አልወደደችውም። «አንተ ተናግረህ ቢሮህ ትገባለህ፤ ውኃ ልቀዳ ስወጣ የሚያዩኝ እኔን ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ግን ተናገርኩ።

የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ስለ ድንኳኑ ጥገና ተወርቶ ካለቀ በኋላ እጄን አወጣሁ። ልጄ ኦቲዝም እንዳለባት፣ እርግማን እንዳልሆነ፣ አስተዳደግም እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ካላችሁ አንደብቅ፣ አንቆልፍ፣ አንሰር አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። የዕድሩ ዳኛ «እግዜር ይማራት» አሉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

ወጥቼ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ጠሩኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት ሦስተኛው ነው፤ በአንድ ዕድር ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ሁለት ወንዶች ልጆች እንዳሏቸው፣ ሁለቱም አዲስ አበባ እንደሚሠሩ ሁላችንም እናውቃለን። ጥግ ይዘው ቆሙና «እኔም አለችኝ» አሉ።

አልገባኝም። «ማን ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ናት።»

ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ አጥር ሥር አልፌያለሁ። አንዳንዴ ከጓሮው የሚሰማውን ድምፅ የበግ ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ቤተሰብ ተገኘን። ቀበሌው የድሮ መጋዘኑን ቅዳሜ ቅዳሜ እንድንጠቀምበት ፈቀደልን። በውስጡ የተሰበረ ወንበርና የምርጫ ሣጥን ተከምሮ ነበር፤ አወጣን፣ ጠረግን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍና ፍራሽ አነጠፍን። ከመካከላችን ሥልጠና ያለው ሰው አልነበረም። እኔ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ወደ አማርኛ እገለብጣለሁ፤ መምህሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፋቸው ይጽፉታል። የብርጭቆ፣ የዳቦ፣ የሽንት ቤት፣ የመኝታ ሥዕሎች ካርቶን ላይ ሠራን። ልጁ የፈለገውን ሥዕል እንዲሰጥ ማስለመድ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ያን ክፍል ሳስታውስ ግን ቀድመው የሚመጡብኝ የሚተኙት እናቶች ናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ግማሽ ሰዓት ሳንቆይ አንደኛዋ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሌላዋ ተከተለች። ልጆቻቸውን ሌላ ሰው ሲያይላቸው ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ደንብ ሆነ፤ አንደኛውን ፍራሽ ለሚተኙት ለየን። የፋብሪካዋ ሴት ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ በቀጥታ ትመጣና ጫማዋን ሳታወልቅ ትወድቅ ነበር። ልጇ ከእኔ ጃኬት ዚፕ ጋር ይውላል። የመምህሩ ልጅ በመጀመሪያ ከደጃፉ አላልፍም አለች፤ ፀሐይ ዐይኗን ወጋት። በአራተኛው ቅዳሜ ገባች። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው መዳፏ ላይ በጣታቸው ፊደል ይጽፉላት ነበር። ይገባት አይገባት አላውቅም፤ እጇን ግን አልነጠቀቻቸውም።

ባለቤቴ አትመጣም ነበር። አምስት ወር ገደማ ሲሆነን፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ተነሥታ ቦርሳዬን ከፈተችና የብርጭቆውን ሥዕል አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። እናቷ ሥዕሉን ይዛ ፈዘዘች። ልጄ ብርጭቆውን ራሱን አምጥታ እጇ ላይ ጨመረችላት። ባለቤቴ ውኃውን ቀድታ ስትሰጣት ግማሹ ገበታው ላይ ፈሰሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን ለብሳ ቀድማኝ በር ላይ ቆማ ነበር። የአስተማሪነት ሙያዋን ይዛ ስለመጣች ከእሷ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። እነዚያ ሦስት ወራት ከትዳራችን ሁሉ የተሻሉ ነበሩ ብል አልዋሽም።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በዓመት አንድ ቀን ስለ ኦቲዝም የሚታሰብበት ቀን ሲደርስ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ጠራንና በከተማው አደባባይ ዝግጅት እናድርግ አለን። ባነር ይሠራል፣ ነጭ ካናቴራ ይታደላል፣ ኃላፊዎች ንግግር ያደርጋሉ፤ ከዚያ ቋሚ ቦታና ባለሙያ እንዲመደብላችሁ መንገድ ይከፍታል ተባልን። ልጆቹ ፊት ለፊት ቢቀመጡ ሰው ልቡ ይነካል አሉን። ባለቤቴ ልጄን አላስወስድም አለች። እኔ ለመንኳት። አንድ ቀን ነው፣ ከዚህ ቀን የሚመጣው ለእሷ ነው አልኳት። በሁለተኛው ቀን «አንተው ያዛት» አለችኝ።

ቀኑ ነፋስ የበዛበት ነበር። የድምፅ ማጉያዎቹን ከልጆቹ ወንበር ግራና ቀኝ አቁመዋቸዋል። እንዲያርቁልን የፋብሪካዋ ሴት ሄዳ ለመነቻቸው፤ ሽቦው አይደርስም አሉ። መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ሲከፍት ያ የሚያፏጭ ድምፅ ወጣ። ከሰባቱ ስድስቱ ልጆች ጆሯቸውን ያዙ። የመምህሩ ልጅ ወንበሯን ጥላ ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ አባቷ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ያዟት። የእኔ ልጅ መሬት ላይ ወደቀች። ካናቴራው ውስጥ የተሰፋው ምልክት አንገቷን ሲፈገፍጋት ቆይቷል መሰለኝ፣ ቀድዳ አወለቀችው። እጇን ነክሳ ደማች። እኔ ላይዋ ላይ ተደፍቼ በጃኬቴ ስሸፍናት፣ ከመድረኩ ላይ ስለ እነዚህ ሕፃናት መደረግ ስላለበት ድጋፍ ንግግሩ ቀጥሎ ነበር። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ከወረቀት ነበር የሚያነበው።

ፎቶ አንሺውን አላየሁትም። ፎቶውን ያየሁት በማግስቱ ቢሮ ውስጥ፣ በሥራ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ነው። ልጄ መሬት ላይ ተኝታ፣ ደረቷ ተራቁቶ፣ እጇ አፏ ውስጥ። ከላይ «እንድረስላቸው» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ሰው የየራሱን ጽፏል። ጠበል ውሰዷት የሚል አለ። የወላጆቿ ኃጢአት ነው የሚል አለ። የሚስቅ አለ። የለጠፉት ሰዎች ጋ ሄጄ አስነሣሁት፤ ይቅርታም ጠየቁኝ። ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሄዷል። ለባለቤቴ ያሳየቻት የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ አዝናላት ነው።

ማታ ስገባ ልጅቷን አስተኝታ ኩሽና ቆማ ነበር። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሰባት ዓመት የደበቅኳት ከዚህ ነበር» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክፍሉ አልመጣችም። እኔም ነይ አላልኳትም፤ በምን አፌ።

ቃል የተገባልን ባለሙያ አልመጣም። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ክፍሉን አጣነው። ያ ሰሞን ከየቦታው የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ከተማው በብዛት ይመጡ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠሩኝና የሰው ማሳደሪያ እንዳነሰባቸው፣ መጋዘኑን እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አፍረዋል። ቁልፉን ራሴ ይዤ ሄድኩ። አንዲት ሴት ከአራት ልጆቿ ጋር በሩ ላይ ዕቃዋን በአንሶላ ጠቅልላ ቆማ ነበር። ምን እላለሁ? ፍራሾቹንም ተውኩላት። ሥዕሎቹን ብቻ ከግድግዳው ላይ ነቅዬ ወሰድኩ።

በየቤታችን በተራ እንሰብሰብ አልን። አከራዮች እንቢ አሉ፤ ጎረቤት ጩኸቱ በዛብን አለ። ከሰባት አራት ሆንን፤ ከአራት ሁለት። መምህሩ ልጃቸውን ወደ ጓሮው ክፍል መለሷት። በዕድር ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል፤ ቆመው ግን አያወሩኝም። አንድ ቀን አጥራቸው ሥር ሳልፍ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ። አሁን የበግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አወቅሁ አላወቅሁ ያው ነው፤ አልፌ ሄድኩ።

የፋብሪካዋ ሴት እስከ መጨረሻው ከእኔ ጋር ነበረች። ልጇ ግን አደገ፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከእሷ በጭንቅላት በለጠ። አንድ ቀን ፈረቃ ላይ ሳለች በሩን ገንጥሎ ወጣና የጎረቤት ሕፃን ላይ ወደቀ። ሕፃኑን ሊመታው አልነበረም፤ የሕፃኑን ልብስ ዚፕ ፈልጎ ነው። ይህን ለማን ታስረዳለህ? አከራይዋ በሳምንት ውስጥ ልቀቂ አሏት። ሌላ ቤት አላገኘችም። ሥራዋን ለቃ ወላጆቿ ዘንድ፣ ወደ ጅሩ ይዛው ገባች። እስከ ሚኒባስ ተራ የሸኘኋት እኔ ነበርኩ። ልጁ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ወደ እኔ አላየም።

በስድስተኛው ወር ልጠይቃት ሄድኩ። እነዋሪ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ መንደራቸው በእግር አንድ ሰዓት ሄድኩ። ስንዴው ተሰብስቦ ሜዳው ራቁቱን ነበር። እናቷ ተቀብለው አስገቡኝ፤ እሷ ጓሮ ናት አሉ።

የጅሩ ሰው ሰንጋ ሲያደልብ ያየ ያውቃል፤ በሬው ከቤት አይወጣም። ታስሮ፣ ተሸፍኖ፣ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚከርመው። አባቷም አንድ ሰንጋ ነበራቸው፤ ጓሮ ካለው ዳስ ሥር ግንድ ላይ ታስሯል። ልጁ ከሰንጋው አጠገብ ጭድ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ገመድ ተቋጥሮ፣ ገመዱ ከዚያው ግንድ ጋር ታስሯል። የበሬውን አንገት ይደባብሳል። በሬውም ለምዶታል።

እሷ ፍትፍት በሳህን ይዛ እያጎረሰችው ነበር። አየችኝና ሳህኑን አስቀመጠች። ሰላም ተባባልን። ዐይኔ ገመዱ ላይ እንደሆነ አይታለች።

«ሁለቱም ታስረው ይቀለባሉ» አለች።

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«ልጆቻችሁን አትሰሩ ብለን ስናስተምር ነበር፤ እኔና አንተ። ውሸት አልነበረም ወንድሜ። ያ የሚሆነው ግን የሚይዘው ሰው ሲኖር ነው። ሂድና ገደሉን እየው።»

ሄድኩ። ከአጥራቸው ጀርባ አንድ እርሻ ታልፋለህ፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ የለም። ከታች የጀማ ሸለቆ ነው። ጠርዙ ላይ አንድም አጥር፣ አንድም ቁጥቋጦ የለም። ልጁ ከመጣ በኋላ ሁለት ጊዜ እዚያ ድረስ ሮጦ እንደደረሰ፣ በሁለተኛው ጊዜ አያቱ ልብሱን ይዘው እንደመለሱት በኋላ ነገረችኝ። ጠርዙ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ወፎች ከእኔ በታች ይበሩ ነበር። ተመልሼ መጣሁና ከልጁ አጠገብ ጭድ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ከበሬው ላይ አንሥቶ የጃኬቴን ዚፕ ያዘ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። እናቱ ፊቷን አዞረች።

ልሄድ ስነሣ ልጄ እንዴት እንደሆነች ጠየቀችኝ። ከተማርነው የቀራት የብርጭቆው ሥዕል ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። ዳቦውንም መኝታውንም ረስታለች፤ እጇንም መንከስ ጀምራለች፤ ውኃ ሲጠማት ግን አሁንም ታመጣዋለች። «እሱስ ቢሆን» አለች። ከዚያ ሳህኑን አንሥታ ልጇን ማጉረስ ቀጠለች።

ቤት ገብቼ ያየሁትን ለባለቤቴ ነገርኳት። ገደሉንም ገመዱንም ነገርኳት። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታ ነበር፤ ፀጉሯን እየዳበሰች እስክጨርስ ሰማችኝ። ትፈርድባታለች ብዬ ነበር፤ አልፈረደችባትም። «እናቱ በሕይወት አለች» አለች። «እኛ ስንሞትስ? ይቺን ማን ግንድ ሥር አስሮ እንኳ ያጎርሳታል?» ይህን ነገር ሁለታችንም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስናስበው ኖረን፣ በቃል ያወጣችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላወራንም።

አሁንም አንዳንዴ ስለ ኦቲዝም ተናገር እየተባልኩ እጠራለሁ። እሄዳለሁ፤ እናገራለሁ። ሰው በጥሞና ይሰማል፤ ያጨበጭባል። ከዱሮው ይልቅ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በዝቷል። ስለ ልጆቹ መሰብሰቢያ ቦታ ስጠይቅ ግን ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁመኛል።

ባለፈው ክረምት በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ሴት ናት፤ ከጎረቤላ ነው የምደውለው አለች። ቁጥሬን ከአባቴ ደብር ሰዎች አግኝታ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ታወራ ነበር፣ አቆመች። ደብረ ብርሃን እንዲህ ያሉ ልጆች የሚሰበሰቡበት ክፍል አለ ሲሉ ሰማሁ፣ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ድሮ ነበር፣ አሁን ተዘግቷል አልኳት። አዲስ አበባ ያሉትን ቦታዎች ነገርኳት፤ ወረፋውንም ነገርኳት። ጥፋቷ እንዳልሆነ ነገርኳት። ይህን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ «ስታድግ ይተዋታል?» አለችኝ።

«አይተዋትም» አልኳት።

ከበስተጀርባዋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋችው። ቁጥሯን መዝግቤው ነበር። መልሼ አልደወልኩላትም።